ተራውን የሚሰማ ሰው፦ የተዋናይ ሙያ ለአሶሳ ወጣት

ትወና ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ ለአንድ የአሶሳ ወጣት አስረዳ ብባል ከዋዛ እጀምራለሁ። ዋዛ የበርታ ሕዝብ ረጅም የቅል መለከት ነው፤ ስሙ በአማርኛ ጆሮ ቀልድ ቢመስልም ነገሩ የዋዛ አይደለም። የደረቁ ቅሎች ውስጣቸው ይጸዳል፤ ጫፍና ጫፋቸው ተቆርጦ አንዱ ከሌላው እየተገጠመ መለከቱ ይረዝማል። አጭሩ ቀጭን፣ ረጅሙ ወፍራም ድምፅ አለው። እያንዳንዱ ነፊ ግን በጨዋታው ውስጥ የሚያዋጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወለደው ነፊዎቹ ሳይቸኩሉ፣ ሳይዘገዩም፣ ድምፃቸውን ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። ስለዚህ የዋዛ ነፊ ቤቱ ተቀምጦ ዜማውን ብቻውን ሊጫወት አይችልም። አጠገቡ ያለውን ካልሰማ መቼ እንደሚነፋ አያውቅም፤ እሱ ከቀረም ዜማው ይሸነቆራል።

ተዋናይም እንዲሁ ነው። ተመልካች ተዋናይን የሚያደንቀው ሲናገር ነው፤ ሙያው የሚፈተነው ግን ሌላው ሲናገር እሱ በሚያዳምጥበት ጊዜ ነው። ቃሉን በቃሉ ይዞ ተራው እስኪደርስ ብቻ የሚጠብቅ ተዋናይ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ዓይኑ ባዶ ነው። የሚያዳምጠው ግን ነገሩን ሃምሳ ጊዜ የሰማው ቢሆንም እንኳ ገና ዛሬ እንደሰማው ይደነግጣል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል። የትወና ትምህርት ቤቶች ዓመታት ወስደው ለማስተማር የሚደክሙት ይህንኑ ነው።

አንድ ተውኔት ተመልካች ፊት ከመቅረቡ በፊት ረጅም መንገድ አለው። መጀመሪያ ንባብ ነው። ተዋንያኑ ከአዘጋጁ ጋር ተቀምጠው ቃለ ተውኔቱን ያነባሉ፤ ይህ ገጸ ባሕርይ ምን ይፈልጋል፣ ማን ይከለክለዋል፣ ለምን ዛሬ ተናገረው እያሉ ይከራከራሉ። ቀጥሎ ልምምድ ይመጣል። ማን ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚነሳ ይወሰናል። ተዋናዩ ከሚናው ጎን ለጎን በትንፋሹ ላይም ይሠራል። በመድረክ ላይ የሚንሾካሾክ ሰው ሹክሹክታው የኋላ ወንበር ድረስ መሰማት አለበት። ይህ ደግሞ ከጉሮሮ በሚወጣ ጩኸት አይሆንም፤ ከሆድ በሚነሳ ትንፋሽ እንጂ። በጉሮሮው የሚጮህ ተዋናይ ድምፁ ቶሎ ይሻክራል።

መጋረጃ ከተከፈተ በኋላም ሥራው አያልቅም። በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች አንድ ተውኔት በሳምንት የራሱ ቀን ይሰጠዋል፤ ከተወደደ በዚያው ቀን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይታያል። ስለዚህ ተዋናዩ በሳምንት አንዴ ወደዚያው ሰው ሕይወት እየተመለሰ፣ ያንኑ እንባ አዲስ አድርጎ ያለቅሳል። በመካከሉ ባሉት ቀናት ሌላ ቴአትር፣ የቴሌቪዥን ድራማ ወይም የፊልም ቀረጻ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሙያው በአገራችን አንድ ክፍለ ዘመን ያህል ዕድሜ አለው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳት ተረት ይዘው በጻፉት ተውኔት ተጀመረ። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ቴአትር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ«ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ያኔ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች መሥራታቸው የተለመደ ነበር። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ መድረክ ላይ ስትወጣ ይህን ልማድ ከሰበሩት ፈር ቀዳጆች አንዷ ሆነች። ክራሯንና ድምፅዋን የሚያውቅ ብዙ ሰው ተዋናይነቷን አያውቅም፤ ዛሬ ወደ መድረክ የምትወጣ ወጣት ሁሉ ግን የምትሄደው እሷ በጠረገችው መንገድ ነው።

የአንድ ተዋናይ ሕይወት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከወጋየሁ ንጋቱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ወጋየሁ በ1936 ዓ.ም. ተወለደ። በወጣትነቱ፣ በ1950ዎቹ፣ በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኪነ ጥበብ ማዕከል ተቋቁሞ ወጣቶች ትወናን በሥርዓት መማር ጀምረው ነበር። ወጋየሁም ከዚያ ትውልድ ነው። ከጓደኛው ከደበበ እሸቱ ጋር ሃንጋሪ ሄዶ ቴአትር አጠና። ሁለቱም ተሰጥዖ ነበራቸው፤ ነገር ግን ተሰጥዖ ይበቃናል ብለው አልተቀመጡም። ደበበ በ1965 ዓ.ም. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ሠርቶ የኢትዮጵያን ተዋናይ ከባሕር ማዶ ካሜራ ፊት አቆመ። ወጋየሁ ደግሞ መድረኩን ያዘ።

አገር ሁሉ ወጋየሁን ያወቀው ግን ሳያየው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ በማይክሮፎን ፊት የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አድማጭ ግን ብዙ ሰው ሰማ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ እብሪታቸው ይሰማል፤ ሰብለ ወንጌል ስትናገር የታፈነ ልቧ፤ ጉዱ ካሣ ሲመጣ ደግሞ መሪር እውነቱ። ወጋየሁ ድምፁን ከማቅጠንና ከማወፈር በላይ ትንፋሻቸውን ለየ። ማን ቶሎ እንደሚናገር፣ ማን ቃል ከመሰንዘሩ በፊት ዝም እንደሚል፣ ማን የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ እንደሚውጥ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አንድ ዋዛ ነፊ አንድ ድምፅ ይይዛል፤ ወጋየሁ በአንድ ጉሮሮ የመለከቱን ሁሉ ተራ ጠበቀ። መጽሐፉን ማንበብ ያልቻለ ገበሬ በዚያ ድምፅ በኩል አነበበው። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ትረካው ግን ዛሬም ይደመጣል።

የካሜራ ፊት ትወና ሌላ ዓይነት ጥበብ ይጠይቃል። መድረክ ላይ ነገሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ይሄዳል። በፊልም ቀረጻ ግን ትዕይንቶቹ እንደ ቦታውና እንደ ብርሃኑ ይቆራረጣሉ፤ ተዋናዩ ጠዋት የቀብሩን ለቅሶ አልቅሶ ከሰዓት በኋላ የሠርጉን ቀን ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የሰውየውን የሐዘንና የደስታ መሰላል በልቡ ይዞ፣ አሁን በስንተኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ማወቅ አለበት። በመድረክ ላይ እጁን ከፍ የሚያደርግ ተዋናይ ካሜራ ሲቀርበው ዓይኑን ማንሳት ይበቃዋል።

የአገራችን ፊልም በ1957 ዓ.ም. በ«ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ተነሥቶ ሩቅ ደርሷል። በ2006 ዓ.ም. ሜሮን ጌትነት በመሪ ተዋናይነት የሠራችበት «ድፍረት» በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አገኘ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ልጅ ተዋናይ ረድኤት አማረ የተወነበት የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡት ፊልሞች መካከል ቀረበ፤ ለኢትዮጵያ ፊልም የመጀመሪያው ነበር። የዚያ ፊልም ልብ ልጁ በግ ይዞ የሚሄድበት መንገድና ፊቱ ነው። ብዙ አይናገርም፤ ያዳምጣል።

ታላላቆቹ ቴአትር ቤቶች ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ አሶሳ ደግሞ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ርቀቱ እውነተኛ ችግር ነው፤ ልናቃልለው አይገባም። ሆኖም የአሶሳም ሆነ የመላው ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ወጣት ባዶ እጁን አይነሣም። በኢትዮጵያ ያሉት አራቱም የቋንቋ ቤተሰቦች በዚህ ክልል ይሰማሉ። በርታ የናይሎ ሳሃራ ቋንቋ ነው፤ ሺናሻ ኦሞአዊ፣ ኦሮምኛ ኩሻዊ፣ አማርኛ ሴማዊ። ወደ ሱዳን ድንበር ሲጠጉ ዐረብኛም አለ። በዚህ መካከል ያደገ ልጅ ገበያ ደርሶ እስኪመለስ ሁለትና ሦስት ዓይነት አነጋገር፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት ሰላምታ፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት ቁጣ ይሰማል። ለተዋናይ ይህ ሀብት ነው፤ ሌላው በትምህርት ቤት የሚለፋበትን ጆሮ እሱ በልጅነቱ አግኝቶታል።

መጀመሪያውም ቅርብ ነው። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አለ፤ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚቀርብ የአምስት ደቂቃ ጭውውት ብዙ ተዋናይ የመጀመሪያ ትንፋሹን የያዘበት ቦታ ነው። የድራማ ክበብ አለ። ባህላዊ ጨዋታ የሚያቀርቡ ቡድኖችም አሉ፤ በ2007 ዓ.ም. አሶሳ የብሔር ብሔረሰቦችን ቀን ስታስተናግድ ከተማዋ ራሷ ሰፊ መድረክ ሆና ነበር። ሙያውን እስከ ዲግሪ መዝለቅ ለሚሻም ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት አለ።

ለሚጀምር ወጣት የምመክረው አንድ ልምምድ አለ። አንድ የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን ታሪክ ምረጡ። ባልና ሚስት ይሁኑ ዳኛና ተከሳሽ፣ በታሪኩ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ለዩ። ከዚያ ለሁለት ሆናችሁ ተናገሩት፤ የአማርኛው ክፍል በአማርኛ፣ የበርታው በበርታ፣ የጉሙዙ በጉሙዝ ይሁን። ስትናገሩ አትጨነቁ፤ ሌላው ሲናገር ግን በእውነት አዳምጡት። እዚያ ላይ ነው ተዋናይ መሆን የሚጀምረው።

የዋዛ ነፊ አንድ ድምፁን ይዞ በሰልፉ ውስጥ ሲቆም ድምፄ ትንሽ ነው ብሎ አይቀርም፤ ዜማው ያለ እሱ እንደማይሞላ ያውቃል። የአገራችን መድረክም ገና አልሞላም። ከአሶሳ፣ ከመተከል፣ ከካማሺ የሚመጣው ድምፅ ተራ አለው፤ እኛም ተራው ሲደርስ ለመስማት ጆሯችንን እናዘጋጅ።