የካንትሪ ኮንሰርት እንዴት ይደመጣል?

ካንትሪ ሙዚቃ ሲባል ቀድሞ የሚታያችሁ ምንድን ነው? ለእኔ ባርኔጣ፣ ቦቲ ጫማና ፈረስ ነበር። ቤታችን የኬኒ ሮጀርስ ካሴት ቢኖርም "የድሮ ስሎው" እንጂ ካንትሪ ብዬ አላውቀውም። ባለፈው ክረምት ግን ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ከእናቴ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ በሄድኩበት ጊዜ የመጀመሪያዬን የካንትሪ ኮንሰርት አየሁ። እንደ እኔ ለነገሩ አዲስ ለሆነ ሰው ይጠቅማል ብዬ የተረዳሁትን እነሆ አቅርቤያለሁ።

አጎቴ ትኬቱን ሲያሳዩኝ "ጋሼ፣ የከብት ጠባቂ ዘፈን ልንሰማ ነው እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። "አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽም? መጀመሪያ ስሚ፤ ከዚያ ትፈርጃለሽ" አሉኝ።

የሄድንበት ዝግጅት ግራንድ ኦል ኦፕሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1925 ደብሊው ኤስ ኤም በተባለ የሬዲዮ ጣቢያ የተጀመረ ሲሆን እስከ ዛሬ በሬዲዮ ይተላለፋል። ጣቢያውን ያቋቋመው አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ነበር። አሁን ያለው አዳራሽ በ1974 የተከፈተ ሲሆን 4,400 ያህል ሰው ይይዛል። መድረኩ መካከል ላይ ክብ እንጨት ታያላችሁ። ራይመን ከተባለው ከቀድሞው አዳራሽ መድረክ ተቆርጦ የመጣ ነው። ዘፋኞች እዚያ ላይ መቆምን እንደ ትልቅ ክብር ይቆጥሩታል።

አንድ ዘፋኝ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አንዱ ሁለት ሦስት ዘፈን ይልና ለሌላው ይለቃል። በመሀል አስተዋዋቂው መድረኩ ዳር ቆሞ ማስታወቂያ ያነባል! እኔ መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ በኋላ ግን የቆምኩት ስቱዲዮ ውስጥ መሆኑ ገባኝ። ተመልካቹም አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ነው የሚያዳምጠው።

መሣሪያዎቹን በተመለከተ፣ ያ የሚያለቅስ የሚመስለው ድምፅ የስቲል ጊታር ነው። ተጫዋቹ ክሮቹ ላይ ብረት እያንሸራተተ ድምፁን ይጎትተዋል። ባንጆ ደግሞ ሥረ መሠረቱ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱት አፍሪካውያን ናቸው። "የነጮች ሙዚቃ" እያልኩ ስመጻደቅ ይህን አላውቅም ነበር። ከኦፕሪ የመጀመሪያ ዘመን ዝነኞች አንዱ ዲፎርድ ቤይሊ የተባለ ጥቁር የሐርሞኒካ ተጫዋች ነበር። በ1941 ከፕሮግራሙ ተሰናበተና ጫማ በመጥረግ ኖረ። በ1982 አረፈ፤ በካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ ስሙ የሰፈረው በ2005 ነው። እንግዲህ ይህ ሙዚቃ የማን እንደሆነ ለመናገር መቸኮል አያስፈልግም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ግጥሙ ላይ ነው። በዜና አጻጻፍ የተማርነው የተገለበጠ ፒራሚድ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ያስቀምጣል። ብዙ የካንትሪ ዘፈኖች ተቃራኒውን ያደርጋሉ። አዝማቹ አይለወጥም፤ ታሪኩ ሲገፋ ግን የአዝማቹ ትርጉም ይለወጣል። ለምሳሌ በዚያ ምሽት አንድ ወጣት ጊታሩን ብቻ ይዞ ወጣ። በዘፈኑ መጀመሪያ አባት ልጁን መኪና ሲያስተምር ቀስ ብሎ እንዲነዳ ይነግረዋል። ቀጥሎ ልጁ አገር ጥሎ ሲሄድ ያንኑ ይለዋል። በመጨረሻ ቃሉን የሚናገረው ልጁ ነው፤ የሚናገረውም አስከሬን ለያዘው መኪና ሹፌር ነው።

ዞር ስል አጎቴ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አያቴ ያረፉ ጊዜ የአጎቴ የመኖሪያ ወረቀት ስላላለቀ ለቀብር አልመጡም ነበር። ቤታችን "አሜሪካ አስረሳችው" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እኔም አምኜ ነበር፤ አንድም ቀን ራሳቸውን አልጠየቅኋቸውም።

መኪና ውስጥ ስንገባ ጠየቅኋቸው። "ያኔ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ስነዳ ይህን ጣቢያ እከፍት ነበር" አሉኝ። "መጀመሪያ እንግሊዝኛ ልለምድበት ብዬ ነው። ቃሉ ሲገባኝ ግን መኪናዬን ዳር አቁሜ አለቀስኩ። እዚያ ያላለቀስኩትን።"

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ አጋጣሚውን ያገኘ ሰው ባርኔጣ መግዛት አያስፈልገውም። ዘፋኞቹን አለማወቅም አያሳፍርም። የመጀመሪያውን ስንኝ አያምልጣችሁ፤ አዝማቹ ሲመለስ ምን እንደተለወጠ ጠብቁ። ማታ ቤት ስንገባ እናቴ "ኮንሰርቱ እንዴት ነበር?" አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የነገርኳት ስለ ወንድሟ ነው።