ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ፦ የኑሮ ወጪ በምን ይመዘናል?

በዝውውርም ሆነ በንግድ ምክንያት ጓዙን ጠቅልሎ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ለመውረድ የሚያስብ ሰው፣ አስቀድሞ በዚያ ወዳለ ወዳጁ ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነና ጤፍ በኩንታል በምን ያህል እንደሚሸጥ ነው፤ መልሱንም በወረቀት ጽፎ፣ የሁለቱን ከተሞች ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ልዩነቱን ከደመወዙ ጋር ካመዛዘነ በኋላ ነገሩ የተፈጸመ ይመስለዋል። ስሌቱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ሰው አገር በለወጠ ጊዜ ማዕዱንና ልብሱን፣ የመብራት አጠቃቀሙንና የእንግዳ አቀባበሉን ሳይታወቀው አብሮ ይለውጣልና።

ጤፍን እንመልከት። የደጋና የወይና ደጋ እህል ስለሆነ፣ ከበቾም ይነሣ ከጎጃም፣ ድሬዳዋ እስኪደርስ ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በጭነት መኪና ይጓዛል፤ የነዳጁ፣ የጫኝና አውራጁ፣ በየመካከሉም የሚቆመው ነጋዴ ትርፍ ሁሉ በኩንታሉ ላይ ይታከላል። ድንቹና ሽንኩርቱ፣ ጎመኑና ካሮቱ ግን ከሐረማያ አምባ ቁልቁል ወርዶ፣ አፈሩ ገና ሳይራገፍለት በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ይዘረገፋል። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረችና ከባሕሩ ጠረፍ ጋር ተሳስራ የኖረች በመሆኗ፣ ነባር ነዋሪዋ ሩዝና ፓስታን እንደ ባዕድ መብል አይቆጥራቸውም። ስለዚህ በዚያች ከተማ፣ በአንድ ደመወዝ፣ ጠዋት ማታ እንጀራ ካልቀረበልኝ የሚለው አባወራና ምሳውን በሩዝ የሚያልፈው ጎረቤቱ እኩል ወጪ የለባቸውም።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን እንቆቅልሽ ከጥንት ያውቁታል። ጀርመናዊው ኤቲየን ላስፔሬስ እ.ኤ.አ. በ1871 የዋጋን ለውጥ የቀድሞውን ሸመታ መሠረት አድርጎ የሚለካበትን ስሌት ሲያቀርብ፣ የአገሩ ሰው ኸርማን ፓሼ በ1874 የአሁኑን ሸመታ መሠረት የሚያደርግ ሌላ ስሌት አቀረበ። ሁለቱ ያሰቡት ስለ ዘመን ልዩነት ቢሆንም፣ ሐሳባቸው ለሁለት ከተሞችም ይሠራል፤ የአዲስ አበባን ዘንቢል ይዞ ድሬዳዋ የሚገበይ ድሬዳዋን ውድ ያደርጋታል፣ የድሬዳዋን ዘንቢል ይዞ መርካቶ የሚገባም አዲስ አበባን እንዲሁ፤ እውነቱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው። በየወሩ የሚነገረውን የዋጋ ግሽበት አኃዝ ለዚህ ጉዳይ መጥቀስም አይረዳም፤ አኃዙ የአንድ ከተማ ዋጋ ካምናው ይልቅ በምን ያህል እንደጨመረ ይነግረናል እንጂ፣ ከሁለቱ ከተሞች የትኛው ውድ እንደሆነ አይነግረንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን የአየሩ ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ስትቀመጥ፣ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የመብራት ታሪፉ በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው፤ ሆኖም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየናረ የሚሄድ በመሆኑ፣ ማራገቢያው መዓልትና ሌሊት የሚሽከረከርበት፣ ማቀዝቀዣውም ዕረፍት የሌለው ቤት ከፍ ወዳለው እርከን ይወጣል። ሊጡ ፈጥኖ ይቦካል፣ እንጀራውም ፈጥኖ ይሻግታል፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ለሳምንት ያህል ጋግራ ታርፍ የነበረችው እመቤት አሁን ጥቂት ጥቂት እያደረገች ደጋግማ መጋገር ይኖርባታል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ ቆጣሪውን ቆሞ ያየ ሁሉ ያውቃል። በእርግጥ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውኃ እዚያ 96 ያህል ስለሚደርስ፣ ባቄላውና ሽምብራው ቶሎ ይበስላል፤ ብርድ ልብስና ካፖርትም አያስፈልግም። ይህን ትርፍ ግን ማራገቢያው ቀድሞ እንደሚውጠው ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

የቤቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የውሉን ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውንም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለ ደነገገ፣ ተከራዩ የጽሑፍ ውል ሳይዝ ጓዙን ባይጭን ይሻለዋል። የድሬዳዋ መንገድ አጭር በመሆኑም፣ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ታክሲ ይይዝ የነበረው ሠራተኛ በአንድ ባጃጅ ከቢሮው ይደርሳል።

በማናቸውም የዋጋ ዝርዝር የማይገኝ ሌላ ወጪ አለ። የቀድሞውን ዕድር ጥሎ መሄድ የስንት ዓመት መዋጮ መተው ነው፤ እንዳይተውትም ከሩቅ ሆኖ መክፈል፣ በአዲሱ ሰፈር ደግሞ የመግቢያ ከፍሎ ሌላ ዕድር መግባት ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ለቁልቢ ገብርኤል ቅርብ ስለሆነች፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን በሚውለው በዓለ ንግሥ ሰሞን የአዲስ አበባው ዘመድ ሁሉ የማደሪያ ጉዳይ አያሳስበውም፤ ማደሪያው የእርስዎ ሳሎን ነው።

እንግዲህ ቦታውን አስቀድሞ ለማየት የሚሄድ ሰው ወርኃ ታኅሣሥን ባይመርጥ መልካም ነው፤ ያን ጊዜ አየሩ ለስላሳ፣ ማራገቢያውም የቆመ ይሆናልና። የግድ በዚያ ወር ከሄደ ግን፣ ከአከራዩ ዘንድ የግንቦትንና የሰኔን የመብራት ደረሰኝ ጠይቆ ይመልከት።