በዐረብ አገር ላሉ ልጆች ፊደልን በጨዋታ ስለ ማስተማር

በውጭ አገር የሚያድጉ ሕፃናት የወላጆቻቸውን ቋንቋ በጆሯቸው ይሰሙታል እንጂ በዐይናቸው አያዩትም። በሱዑዲ ዐረብያ ምሥራቃዊ ክፍል፥ በደማምና በአል ኹበር፥ ልጁ ከቤት ወጥቶ የሚያገኘው የሱቅ ስምና የመንገድ ምልክት የተጻፈው በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በአል ኹበር አሽ-ሸማሊያ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልጁን ሀሁ ሊያስቈጥር የተቀመጠ አባት በእጁ ያለው ጊዜ ከዕረፍት ቀኖች የሚተርፈው ብቻ ነው፤ እነዚህም በአውሮጳ አቈጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዐርብና ቅዳሜ ሆነዋል። በዚህች ጥቂት ሰዓት ትምህርቱ ልጁን ካሰለቸው በሚቀጥለው ሳምንት እንቢ ይላል፤ እንቢታው እየጸና ከሄደም ከአያቱ የመጣውን ደብዳቤ ሌላ ሰው የሚያነብለት ጐልማሳ ይሆናል።

ጨዋታን ከትምህርት ጋር ማስተባበር ከአውሮጳ የመጣ አዲስ ዘዴ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የቀድሞው የኔታ ቤት፥ አለንጋውን ለጊዜው እንተወውና፥ በዚህ ረገድ ድኻ አልነበረም። ልጁ ሀሁን በጭራሮ እየጠቈመ ከቈጠረ በኋላ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይዞ ዐውቃለሁ እንዳይል፥ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ የፊደሉን ተራ ከመለወጡም በላይ ድምፁን በየፊደሉ ያሸጋግራል፤ አ በግእዝ፥ ቡ በካዕብ፥ ጊ በሣልስ፥ ዳ በራብዕ፥ ሄ በኃምስ፥ ው በሳድስ፥ ዞ በሳብዕ ይነገራልና። ይህ እውነተኛ ጨዋታ ነው፤ ዐይንን ይፈትናል፥ ዜማም አለው። በቤት ውስጥ ሊሠሩበት የሚወዱ ወላጆች ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው በትናንሽ ካርቶን ላይ ጽፈው (231 ካርቶን ይሆናል) በምንጣፍ ላይ ቢበትኑ፥ ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ አቡጊዳውን መልሰው ሊደረድሩት ይችላሉ። አንድ ካርቶን ሰውሮ የጐደለው የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅም ሌላ ጨዋታ ነው።

ከቅኔ ቤትም የሚወሰድ አለ። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ አጥንቶ ቢመለስ አይበቃውም፤ ከሜዳ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የራሱን አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፥ መምህሩም ያርምለታል። ጀማሪው የሚነሣው ከሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃና ነው። እንግዲህ የሰባት ዓመት ልጅም በየሳምንቱ ያልተነገረ አንድ ነገር እንዲፈጥር ቢጠየቅ ከዐቅሙ በላይ አይሆንም። ለዚህ የሚመቸው እንቆቅልሽ ነው። መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ከኢትዮጵያ ካርታ ላይ አንዱን ከተማ አግኝቶ ስሙን በፊደል ጽፎ ይስጥ፤ አሸናፊው ከዚህ በኋላ የሚያወርደውን ስድብ ግን ቢተዉት እወዳለሁ። እንቆቅልሹም ከሚያዩት ነገር ይውጣ። ከአል ኹበር ወደ ባሕሬን የሚያሻግረውንና በአውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. የተከፈተውን፥ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የንጉሥ ፋህድ መንገድ የሚያውቅ ልጅ፥ «ከባሕር ላይ ተኝቶ መኪና ሲሸከም የሚውል» ብሎ ለመጠየቅ የሌላ እርዳታ አያሻውም።

ነገር ግን በዐረብ አገር ላለ ልጅ ከሁሉ የሚጠቅመው ቃል አደን የምለው ጨዋታ ነው። ብዙ ወላጆች ዐረብኛው አማርኛውን ያጠፋብናል ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ ባይሆንም፥ ግእዝና ዐረብኛ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ጠላት የተባለው ረዳት ሊሆን ይችላል። ልጁ አንድ ደብተር በሦስት ዐምድ ይክፈል። በመጀመሪያው ዐምድ ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የወረሷቸው ቃላት ይጻፉ፤ ቤትና በይት፥ ባሕርና በሕር፥ ልሳንና ሊሳን፥ ኮከብና ከውከብ። በሁለተኛው ከግእዝ ወደ ዐረብኛ የገቡት ይጻፉ፤ ጀርመናዊው ሊቅ ቴዎዶር ኖልዴኬ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ከመረመራቸው መካከል ሐዋርያና መንበር ይገኛሉ፤ ዐረቦቹ ሐዋሪ፥ ሚንበር ይሏቸዋል። ሙስሐፍም መጽሐፍ ከሚለው ቃላችን የመጣ ነው። በሦስተኛው ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የመጡት፥ እንደ ሱቅና እንደ ሐኪም ያሉት ይግቡ። ልጁ ከገበያ ሲመለስ ያገኘውን ቃል በየትኛው ዐምድ እንደሚያገባ ይከራከር፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለ። በአማርኛ አነጋገር ሀ፥ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ አ እና ዐ፥ ሰ እና ሠም እንዲሁ። በአዲስ አበባ የሚማር ልጅ በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ በጆሮው ሊለይ አይችልም፤ በቃሉ ማጥናት ግድ ይሆንበታል። የኹበር ልጅ ግን ዐረብኛ የሰማበት ጆሮ አለው። ዐይን ሲባል የጉሮሮውን ድምፅ ስለሚሰማ በዐ እንደሚጻፍ ያውቃል፤ በሕር ከሚለው ባሕር በሐ፥ ኸምሳ ከሚለው ኀምስቱ በኀ መጻፋቸውን ይረዳል፤ ዐሸራ ደግሞ ዐሠርቱ በሠ መሆኑን ያስታውሰዋል። ይህ ስጦታ ለትግርኛ ተናጋሪ ልጅ በከፊል በአገሩ የተሰጠው ነው። በእርግጥ ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም፤ ጸሐፊዎቻችን ከጥንት ጀምረው ፊደላቱን አቀያይረዋልና። ሦስትን የሚያመለክተው የግእዝ ቃል በዝምድናው ሰን ሲሻ፥ ሠለስቱ ተብሎ መጻፉ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ዳኛው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ይሁን። መዝገቡ የተደረደረው በአበገደ ተራ ስለ ሆነ፥ አቡጊዳን በምንጣፍ ላይ የተጫወተ ልጅ ቃሉን ከአባቱ ቀድሞ ቢያገኘው አይደንቅም።

ፊደላችን በዚያ አገር ፈጽሞ እንግዳ እንዳልሆነም ልጁ ቢያውቅ መልካም ነው። በዚያው በምሥራቁ ክፍል፥ በሳጅና በቀጢፍ፥ ሐሳይ የሚባሉ የድንጋይ ጽሕፈቶች ተገኝተዋል፤ የሚበዙት ከሁለት ሺህ ዓመት ያህል በፊት የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ናቸው። ቋንቋቸው ግእዝ አይደለም፤ የተጻፉበት ፊደል ግን ከደቡብ ዐረብ ፊደል የወጣ ነው፥ የግእዝም ፊደል የተገኘው ከዚሁ ነው። በውስጡ ዐ ክብ ነው፥ ተ መስቀል ነው፥ በ ከላዩ ተከድኖ ከታች እንደ በር የተከፈተ ነው። አባትና ልጅ ዐርብ ወደ ማታ ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ ሦስቱን በአሸዋ ላይ በጣት ጽፈው፥ ከጐናቸው የእኛን ዐ፥ ተ እና በ ማስተያየት ይችላሉ።