ሐሺሽ እና ተመላላሽ ትውከት፦ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ሕመም



የተከበራችሁ አድማጮች፣ ስለ ሐሺሽ ጉዳት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአእምሮ መቃወስ ነው። ይህ በጥናት የተደገፈ ሐቅ ነው። በስዊድን ለውትድርና በተመለመሉ ከ45 ሺህ በላይ ወጣቶች ላይ የ15 ዓመት ክትትል ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ታትሞ ነበር። ከ50 ጊዜ በላይ እንደወሰዱ የተናገሩት ወጣቶች ስኪዞፍሬንያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካልወሰዱት በስድስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የዛሬው ዝግጅታችን ግን ብዙ ቤተሰብ ሰምቶት ስለማያውቀው ሌላ ጉዳት ነው። እርሱም ለዓመታት ከመጠቀም በኋላ የሚመጣው ተመላላሽ ትውከት ነው።

በአገራችን ዕፀ-ፋርስ፣ ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የሚባለው ካናቢስ የሚያሰክረው ቲ.ኤች.ሲ. በተባለ ንጥረ ነገር ነው። የሚገርመው፣ ይህ ንጥረ ነገር የሚታወቀው ማቅለሽለሽን በማስታገስ ነው። በአንዳንድ አገሮች የካንሰር መድኃኒት ለሚያስመልሳቸው ሕሙማን ከእርሱ የተሠራ እንክብል በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ታዲያ ትውከትን የሚያስታግስ ነገር እንዴት ትውከትን ያመጣል?

ቲ.ኤች.ሲ. በአንጎልም በሆድ ዕቃም ላይ ይሠራል። በአንጎል በኩል የማስመለስ ስሜትን ሲቀንስ፣ በሆድ በኩል ደግሞ ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ያዘገያል። በሰውነት ስብ ውስጥም ስለሚከማች ዘወትር የሚጠቀም ሰው ቢያቆም እንኳ ከሰውነቱ ተጠርጎ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያስታግስ የነበረው ራሱ ያስመልስ ጀመር ማለት ነው።

ይህንን ሕመም እ.ኤ.አ. በ2004 ለይተው የገለጹት በደቡብ አውስትራሊያ፣ በአደሌድ አቅራቢያ የሚሠሩ ሐኪሞች ናቸው። ከተመለከቷቸው 10 ሕሙማን መካከል 9ኙ ሕመሙ ሲነሳባቸው ደጋግመው በሙቅ ውኃ ይታጠቡ ነበር። ሰባቱ ካናቢስ ሲያቆሙ ትውከቱም ቆመላቸው። ካቆሙ በኋላ እንደገና የጀመሩት ሦስት ሰዎች ግን ሕመሙ ተመለሰባቸው።

እንግዲህ ምልክቶቹን እንወቃቸው። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ከዚያም ኃይለኛ የሆድ ቁርጠትና በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ትውከት ይመጣል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ይተወዋል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። ዋናው መለያ ሙቅ ውኃ ነው። ውኃው ሲፈስበት ይሻለዋል፣ ሲወጣ ይብስበታል። አንዳንዶች ውኃውን ከመጠን በላይ አሙቀው ቆዳቸውን ያቃጥላሉ።

ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ጨጓራ ነው፣ ታይፎይድ ነው እያለ ከክሊኒክ ክሊኒክ ያዞረዋል። ሲሕር ነው፣ ዐይን ነው ብሎ ቁርኣን የሚያስቀራበትም አለ። ሩቅያ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ሕክምናን አይከለክልም፣ የበሽታውን ምክንያት ከሐኪም ለመሸሸግም ምክንያት አይሆንም። ልጁ ደግሞ ማቅለሽለሹን ያበርድልኛል ብሎ ያንኑ ዕፅ ይጨምራል። ትውከቱ ሲበረታ የሰውነት ውኃና ጨው ይሟጠጣል፣ ኩላሊት ሊጎዳና የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። በዚሁ ምክንያት የሞቱ ሰዎችም ተመዝግበዋል። ስለዚህ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ሽንቱ የጠፋበት ወይም ራሱን የሚስት ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ውድ ወላጆች፣ ሸሪዓ ከሚጠብቃቸው አምስት መሠረታዊ ነገሮች መካከል ነፍስና አእምሮ ይገኙባቸዋል። ሐሺሽ ሁለቱንም ይነካል። ዑለማዎች አስካሪ መሆኑን አይተው እንደ ኸምር ሐራም ያሉትም ለዚህ ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሕጋዊ ሆኗል፤ በዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው የተወሰነ መጠን መያዝ ይችላል። በዚያ ያሉ ልጆቻችን «ሕግ ፈቅዶታል» ቢሉን፣ የመንግሥት ፈቃድ ሐራሙን ሐላል እንደማያደርገው፣ ጉዳቱንም እንደማያስቀረው በለሰለሰ አንደበት እናስረዳቸው።

ነውርን መሸፈን በእምነታችን የተወደደ ነው። ለጎረቤትና ለዘመድ ማውራት አይገባም። ለሐኪም መንገር ግን ነውርን መግለጥ አይደለም፣ ነፍስን ማዳን ነው። ሐኪሙ ካላወቀ ምርመራው ሁሉ ንጹሕ እየሆነ ዓመታት ያልፋሉ። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰውም አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ዘወትር የሚጠቀም ሰው ብዙ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላልና። ስለዚህ ልጁ ሐኪሙን ብቻውን ማነጋገር ከፈለገ ከክፍሉ ወጣ እንበልለት።

ዘላቂው ፈውስ ፈጽሞ ማቆም ነው፤ መቀነስ አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ይኖራል። ይህ ሱሱ ሲለቅ የሚመጣ ነው እንጂ የልጁ ባሕርይ መክፋት አይደለም። በዚህ ጊዜ ስድብና ዛቻ ወደ ጓደኞቹ ይመልሰዋል። አብሮት የሚያመሽ፣ ለሶላት የሚጠራው፣ ወደ ሐኪም የሚሸኘው ሰው ያስፈልገዋል። የተውበት በር ክፍት ነው፤ የቤታችን በርም ይከፈትለት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ የታመሙትንም ያሽርልን። አሚን።