«ብርድ ነው» የሚባለው ሳል

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አማኑኤልና በዙሪያዋ ያሉት የማቻከል ቀበሌዎች ብርዳቸው የታወቀ ነው። ክረምት ሲገባ በር ይዘጋል፣ እሳቱ ቤት ውስጥ ይነዳል፣ ጭሱም አብሮ ይታፈናል። አርባውን ያለፈች እናት ጠዋት ጠዋት ስትስል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ቤተሰቡ «ብርድ መቷት ነው» ይላል። ብርድ ቢሆን ኖሮ ግን በውርጭ ሞፈር ተሸክሞ የሚወጣው ባሏ ይብስበት ነበር። ሲጋራ እንዳይባል፣ የሚያጨሱ ኢትዮጵያውያት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ባልና ሚስቱን በየዕለቱ የሚለያቸው ምድጃው ነው።

ጋጋሪዋን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ከምጣዱ ሥር የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትማግዳለች፤ ቅጠሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ይከስማል፤ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ ከእፍታው በኋላ የምትስበው አየር ጭሱ እጅግ ከወፈረበት ቦታ ነው። በዚያ ጭስ ውስጥ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ፣ ከሰው ፀጉር ሃያ እጥፍ የቀጠኑ ብናኞች አሉ። አፍንጫና ጉሮሮ ሊያስቀሯቸው ስለማይችሉ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ሲሆን፣ እሳት በሚነድበት ዝግ ማድ ቤት መጠኑ በመቶዎች ይቆጠራል፤ ሲጋገር ሺህን ያልፋል። የሳንባ ተከላካይ ሕዋሳት ብናኙን ሲውጡ ይቆጣሉ፣ ቁጣው ለዓመታት ሲደጋገም የአየር ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ ግድግዳቸውም ይወፍራል። ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት ይህን ነው፤ የጠበበው ቧንቧ በመድኃኒት ወደ ቀድሞው አይመለስም።

«እናቶቻችን በዚሁ ጭስ ሰማንያ ዓመት ኖሩ» የሚል ክርክር ይነሳል። የምንቆጥረው ግን የተረፉትን ነው። ደግሞም ሳንባ ትርፍ አቅም ስላለው ጉዳቱን ለረጅም ጊዜ ይደብቃል፤ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ብዙው አቅም ሄዷል። ጭስ የሣር ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቃል የሚለው እውነት ነው፤ ለዚያ ግን ሰው አብሮ መታጠን የለበትም። «ከሰል አይጨስም» የሚለው ግን አደገኛ ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ሽታ አልባ ካርቦን ሞኖክሳይድ በዝግ መኝታ ቤት የተኛን ቤተሰብ ይገድላል።

ምድጃ መለወጥ ይጠቅማል በሚለው ላይ የሚነሳው ከባድ ተቃውሞ ሌላ ነው። የተሻሻሉ ምድጃዎች በተለያዩ አገሮች ተሞክረው፣ በማላዊ እንደታየው የልጆችን የሳንባ ምች አልቀነሱም። ጭሱን ቀነሱ እንጂ ወደ ወሰኑ አላወረዱትም፤ ከጓሮና ከጎረቤት የሚመጣውም አልቀረም። ለአዋቂ ሳንባ ግን ሌላ ማስረጃ አለ። በቻይና ሹዋንዌይ የጭስ መውጫ በሌለው ምድጃ የድንጋይ ከሰል ያነዱ የነበሩ ገበሬዎችን ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለ16 ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ ጭስ ማውጫ ያስገቡት ሲኦፒዲ ቀነሰላቸው፤ የሳንባ ካንሰሩም እንዲሁ፤ ጥቅሙ በግልጽ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ጭስ ማውጫ ያለውን ምድጃ በአንድ ክረምት መመዘን ያሳስታል። መብራት በገባባት አማኑኤል ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ የጋገራውን ጭስ ያስቀራል፤ በገጠሩ ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየት፣ ጣሪያ የሚያልፍ ጭስ ማውጫና የደረቀ እንጨት ይቀድማሉ። ሳል ይዟት ጤና ጣቢያ የመጣች እናት አክታዋ ለሳንባ ነቀርሳ ሲመረመር፣ በምን እንደምታበስልና ጭሱ በየት እንደሚወጣም ትጠየቅ።