ጉዲፈቻ፣ ማደጎ፣ የጡት ልጅ
(ስለ ሦስት የዝምድና ቃላት አፈታት)

በሥጋ ያልተወለደን ሰው ቤተሰብ የሚያደርጉ ቃላት በአማርኛ ጥቂት አይደሉም። የእንጀራ ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ የማደጎ ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ የጉዲፈቻ ልጅ እንላለን። ከእነዚህም የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በንግግርም በጽሑፍም ሲደበላለቁ ይታያል። ድብልቅልቁ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ውርስንና ጋብቻን ይነካል።

«ጉዲፈቻ» የኦሮምኛ ቃል ነው። «ጉዲሱ» ማሳደግ ሲሆን፣ «ጉዲፈቹ» ለራስ ብሎ ማሳደግ ነው። አማርኛ ይህን «ለራስ» የሚለውን ፍች በግሡ ርባታ ስለማይገልጽ፣ ቃሉን እንዳለ መውሰዱ ተገቢ ነበር። በኦሮሞ ባህል የጉዲፈቻ ልጅ የአሳዳጊው ልጅ ሆኖ በስሙ ይጠራል፤ ይወርሳልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚሁ ቃል ተጠቀመ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም አጸናው። በ2010 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ ሲያስቀር፣ ቃሉ ግን በቦታው ጸንቷል።

«ማደጎ» ከ«አደገ» የወጣ ነው። የሚያመለክተው በሰው ቤት ማደግን እንጂ ልጅነትን አይደለም። ስለዚህ የማደጎ ልጅ በማደጉ ብቻ ወራሽ አይሆንም።

«የጡት ልጅ» ሁለት ፍች አለው። አንደኛው፣ በቀድሞው ልማድ ጣትን ወይም ጡትን ማር ቀብቶ በማጥባት የሚመሠረት የቃል ኪዳን ዝምድና ነው። ሁለተኛው በእስልምና ሕግ የታወቀው ነው። ይኸውም በሕፃንነቱ የሌላ ሴት ጡት የጠባ ልጅ ከእርሷ ልጆች ጋር እንደ ወንድምና እኅት ይቆጠራል፤ አይጋቡም። ይሁን እንጂ በመጥባቱ ውርስ አያገኝም።

የልዩነቱን ክብደት ለመረዳት ሼክ ሁሴንን እናስብ። ቦታው ከሮቤና ከጎባ ደጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆ አቅጣጫ የሚገኝ፣ የኦሮሞ ባህልና እስልምና ለዘመናት አብረው የኖሩበት የታወቀ የዝያራ ስፍራ ነው። በዚያ አንዲት እናት ሦስት ልጆች አሳደገች እንበል፤ አንዱን በጉዲፈቻ፣ አንዱን አጥብታ፣ አንዱን እንዲያው አስጠግታ። በባህሉ የመጀመሪያው ወራሽ ነው። በሸሪዓ ግን ጉዲፈቻ የትውልድ ሐረግን ስለማይለውጥ፣ ልጁ የሚያገኘው ከንብረቷ ከሲሶ በማይበልጥ ኑዛዜ ወይም በሕይወቷ ሳለች በስጦታ ነው። ሁለተኛው ከልጆቿ ጋር አይጋባም፤ ሦስተኛው ግን ሌላ መከልከያ ከሌለ ሊያገባ ይችላል። ተርጓሚው ሦስቱንም «ማደጎ» ብሎ ቢጽፍ፣ ከአንዱ ርስቱን ይወስዳል፤ የሌላውን የጋብቻ ክልክል ይሰውራል።

እንግዲህ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ ሦስቱ ቃላት በየራሳቸው መግቢያ እንዲቆሙ፣ አንዱ በሌላው እንዳይፈታ፣ «የጡት ልጅ»ም ሁለቱ ፍቾቹ በተራ ቍጥር እንዲለዩ ያስፈልጋል። ከላይ ያነሳናት እናት ግን ሦስቱንም «ልጆቼ» ብላ ትጠራለች፤ አልተሳሳተችም። እርሷ የምትናገረው ስለ ፍቅሯ ነው፤ ፍቅሯ የማይለየውን በጽሑፍ መለየት የእኛ ተግባር ነው። በጥንቃቄ የተለየ ቃል እርሷ ከሞተች በኋላም ለእያንዳንዱ ልጅ ድርሻውን ይጠብቅለታል።