ታሪክን ከመልክ ወደ መልክ ስለ ማዛወር

አንድን ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ፊልም፣ ከሥዕልም ወደ ሕያው ተዋናይ ማዛወር በኪነ ጥበብ ዓለም የቆየ ልማድ ነው። ይህ ሥራ ግልበጣ አይደለም። የሚገለብጥ ሰው ያየውን ብቻ ይደግማል፤ የሚያዛውር ሰው ግን ምን እንደሚያስቀር፣ ምን እንደሚለውጥ፣ ምንንስ እንደማይነካ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ነገሩን በኩልፎ ወንዝ መስለን እንመልከተው። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ በኩል ያልፍና ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ከከፍታው ሲወርድ ይጮኻል፤ ከሜዳው ሲደርስ ረጋ ይላል። መልኩንና ድምፁን የሚሰጠው የሚሄድበት ምድር ነው፤ ውሃው ግን ያው የደጋው ውሃ ነው። ታሪክም እንዲሁ የሚቀርብበት ቅርጽ ሲለወጥ መልኩ ይለወጣል፤ ፍሬ ነገሩ ግን መጠበቅ ይኖርበታል።

ለዚህ ቅርብ ምሳሌ የሚሆነን የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ደራሲው የሰብለ ወንጌልን ኀዘን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣና የጉዱ ካሣን አነጋገር በቃላት ገልጾ ነበር፤ ተራኪው ግን ይህን ሁሉ በአንድ ድምፅ ማሳየት ነበረበት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ታሪኩ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል። እዚህ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ አንባቢ ሁሉ በየልቡ የሣላት ሰብለ ወንጌል በአንዲት ተዋናይት ፊት ትተካለች።

ከዚህ ይበልጥ የሚከብደው ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ከሥዕል ወደ ሰው ማዛወር ነው። ጃፓኖች «አኒሜ» በሚሉት ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሠሩት «የጠፈር የጦር መርከብ ያማቶ» እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ያማቶ በእውነት የነበረ የጦር መርከብ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በሚያዝያ 1945 ሰጥሟል። በልብ ወለዱ ግን በ2199 ዓለም በጠላት ጨረር ልትጠፋ ስትቃረብ መርከቡ የጠፈር መንኮራኩር ሆኖ ይነሣል፤ 148,000 የብርሃን ዓመት ርቆ በመጓዝ መድኃኒቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ይዞ መመለስ አለበት። ለጥፋት የተሠራው መርከብ ለማዳን መነሣቱ የታሪኩ ፍሬ ነገር ነው።

ታካሺ ያማዛኪ ያዘጋጀውና ታኩያ ኪሙራ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኮዳይን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም በታኅሣሥ 2010 ለሕዝብ ቀረበ። 26 ክፍል የነበረው ታሪክ በ138 ደቂቃ እንዲያልቅ ተደረገ። በሥዕሉ ወንድ የነበረው ሐኪም በፊልሙ ሴት ሆነ፤ የራዳር ሠራተኛዋ ዩኪ ሞሪ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆነች፤ ሰው መሰል የነበሩት ጠላቶች የሰው መልክ አጡ። በመጀመሪያው ተከታታይ ሥዕል መጨረሻ ወደ ምድር በሕይወት የተመለሰው ኮዳይ በፊልሙ ራሱን መሥዋዕት አደረገ።

እነዚህ ለውጦች ክብደታቸው እኩል አይደለም። የሐኪሙ ጾታ ቢለወጥ ታሪኩ አይናወጥም። የጊዜው ማጠር ግን ይነካዋል፤ ምክንያቱም ሥዕሉ በየክፍሉ መጨረሻ ለምድር የቀሯትን ቀኖች ይቈጥር ስለ ነበር ተመልካቹ ጭንቀቱን ለብዙ ሳምንታት ይኖረው ነበር። በአንድ ምሽት የሚያልቅ ፊልም ይህን ጭንቀት በሌላ ዘዴ መተካት አለበት። እንግዲህ ለውጥን ስትመዝኑ «ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነውን?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ያጎደለውን በምን ተካ?» ብላችሁም ጠይቁ።

ታሪኩ በእውነት የተፈጸመ ሲሆን ደግሞ ሌላ ኀላፊነት ይጨመራል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች በተገደሉና በተፈናቀሉ ጊዜ በአርባ ምንጭ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህን ድርጊት ወደ ፊልም የሚያዛውር ሰው ከየት እንደሚጀምር ሊመርጥ፣ የሚያሳጥረውን ሊያሳጥር ይችላል። ብዙ ንግግርም አያስፈልገውም፤ ሣሩና ጕልበቱ ይናገራሉ። ነገር ግን ትዕይንቱን ለማድመቅ ብሎ ያልፈሰሰ ደም ቢያፈስ፣ ሽማግሌዎቹ የከለከሉትን እርሱ በፊልሙ ፈጸመ ማለት ነው። ያማቶ የፈጠራ ታሪክ ስለ ሆነ ገጸ ባሕርያቱ አይከራከሩትም፤ በዚህ ታሪክ ግን ያዘኑ ቤተሰቦችና ያስታረቁ አባቶች አሉበት።

ስለዚህ አንድን ታሪክ ከማዛወራችሁ በፊት ፍሬ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት። ያን ዐረፍተ ነገር የማያፈርስ ለውጥ ሁሉ የተፈቀደላችሁ ነው፤ የሚያፈርሰው ግን ሌላ ታሪክ ነውና ሌላ ስም ይገባዋል።

መልመጃ

1. በግልበጣና በማዛወር መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ቃል አስረዱ።
2. በያማቶ ፊልም ከተደረጉት ለውጦች ፍሬ ነገሩን የሚነካው የትኛው ይመስላችኋል? ምክንያታችሁን ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ ከሽማግሌዎች የሰማችሁትን አንድ ታሪክ መርጣችሁ ፍሬ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ፤ ቀጥሎም የመጀመሪያውን ትዕይንት ያለ ንግግር፣ በሚታይ ድርጊት ብቻ፣ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።